ያልተለመደ ድምፅ በማን ጆሮ ይታወቃል?

(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ጉባኤ ላይ፣ በአሰላ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ በዛሬው ጉባኤ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ሩጫ የምናገር መስሎት ነበር። አልፈርድበትም። በአሰላ ከተማ ጉባኤ ተጠርቶ የሩጫ ነገር ሳይነሣ የተበተነበትን ቀን እኔም አላስታውስም። ስለዚህ ልማዱን ላለማፍረስ ከሩጫ እነሣለሁ፤ የምደርሰው ግን ከጉሮሮ ዘንድ ነው። ነገሬም ያልተለመደ የዘፈን ድምፅ ያለው ሰው እንዴት እንደሚታወቅ፣ ከታወቀም በኋላ እንዴት እንደሚያድግ ነው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚሁ በአሰላ አካባቢ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት አሥር ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ሄዶ እየሮጠ ይመለስ እንደ ነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ስለሚሮጥ ያ ክንድ እንደ ታጠፈ ቀረ ይባላል። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሴኮንድ ቀድሞ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲወስድ እጁ ላይ ደብተር አልነበረም፤ ክንዱ ግን ያው እንደ ልማዱ ነበር። ስለ ሩጫ አቋም በመጽሐፍ የተማረ ሰው ይህን ክንድ ቢያይ «ይቃና» ማለቱ አይቀርም። ዳኛው ሰዓት ነውና ክርክር አይነሣም። ክንዱ ቢታጠፍም ቢዘረጋም ቀድሞ የገባ ቀድሞ ገብቷል።

ለድምፅ ግን እንዲህ ያለ ሰዓት የለውም። የድምፅ ዳኛ ጆሮ ነው፤ ጆሮም ሲሰማ ባደገው ነገር የተቀረጸ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ «መልካም ድምፅ» እየተባለ የሰማነው ምን ዓይነት እንደ ሆነ እናውቃለን፤ የጠራ፣ ቀጥ ያለ፣ ለሴት ቀጠን፣ ለወንድ ረገብ ያለ። ከዚህ ልክ የወጣውን በመጀመሪያ ስንሰማው እንስቃለን፤ ሁለተኛ ጊዜ ለመስማት ደግሞ አንቆይም። ያልተለመደ የምለውም ይህን ነው። ሴት ሆና እንደ ወንድ የወፈረ፣ ወንድ ሆኖ ከተጠበቀው በላይ የቀጠነ፣ የጎረነነ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ወይም ከዜማው መሥመር ወጣ ብሎ ዞሮ ዞሮ የሚመለስ ድምፅ።

አሁን አንድ ጊዜ ወደ በቆጂ ልውሰዳችሁ። ከዚህ በስተ ደቡብ ያለችው ይህች ትንሽ ከተማ 2,800 ሜትር ያህል ከባሕር ጠለል በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ናት። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶኑን ስታሸንፍ፣ ቀጥሎም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሲነሡ፣ ዓለም ሁሉ የነገሩን ምስጢር ለማወቅ ወደዚህ ደጋ ጐረፈ። አንዱ አየሩ ነው አለ፤ ሌላው ገብሱ ነው አለ። እኔ አየሩንም ገብሱንም አልንቅም። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ አየር በሰሜንም አለ፣ በጎጃም ደጋም አለ፣ ገብስም በየአገሩ ይበቅላል። በበቆጂ በተጨማሪ የነበሩት መምህር ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። የስፖርት አስተማሪ ሆነው ሳለ ልጆቹ ሲሮጡ ዝም ብለው አላዩም። አንዷን ልጅ ከሌላዋ ለይተው፣ በማግስቱም ነይ ብለው፣ በሦስተኛውም ቀን ደግመው አዩ። በኋላ ስማቸው የታወቀው ሯጮች ብዙዎቹ የመጀመሪያ ርምጃቸውን የሮጡት በእርሳቸው ፊት ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በዚህ ደጋ ላይ ለእግር የቆመ ሰው ተገኝቷል። ለጉሮሮ የቆመው ማን ነው?

ድምፅ ስለሌለ ነው የሚል ካለ በአርሲ ያደረ ሰው አይደለም። ማለዳ ከጭላሎ ግርጌ ወጥቶ የእረኛውን ጥሪ ይስማ። ያ ልጅ ከብቱን የሚጠራው ከሸለቆ ማዶ ሆኖ ነው፤ ድምፁ ጉም ቀዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ከደረት ተነሥቶ በድንገት ወደ ላይ ይሰበርና ቀጥኖ ይሄዳል። ይህን ስብራት በፈረንጅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ብዙ ዓመት ይፈጃል። የኛ እረኛ የሚማረው ላም እንዳይጠፋበት ነው። ሽማግሌው ጌራርሳ ሲያወርድ፣ ከብት አርቢው ላሙን በዘፈን ሲያሞግስ፣ ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚጓዙት ምእመናን በየመንገዱ ሲያዜሙ፣ በአሰላ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ካህናቱ ማሕሌት ሲቆሙ፣ እነዚህ ሁሉ በልዩ ልዩ ጉሮሮ የሚወጡ፣ እርስ በርሳቸውም የማይመሳሰሉ ናቸው። አንድ ሰው ሁሉንም በአንድ ሚዛን ልለካ ቢል ሚዛኑ ይሰበርበታል።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የሲንቄ ነገር ነው። ሲንቄ ለአርሲ ኦሮሞ ሴት ስትዳር ከእናቷ እጅ የምትቀበለው በትር ነው። ሚስት በደል ሲደርስባት ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች። ይህን ጩኸት የሰማች ሴት የያዘችውን ሥራ ጥላ፣ የራሷን ሲንቄ ይዛ መውጣት አለባት፤ እርስዋም በተራዋ ትጮኻለች፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ከጉብታ ወደ ጉብታ ይሰማል። ሴቶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ በዳዩ ካልታረቀና ካልካሰ አይበተኑም። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ መዝገብ ሲገባ ይህ የሴቶች ሥርዓትም ከእርሱ ጋር የሚጠራ ነው። እንግዲህ አስቡት። እዚህ አገር የሴት ድምፅ፣ ወፍራሙም፣ የሻከረውም፣ የተሰበረውም፣ የሕግ ኃይል ነበረው። «ድምፅዋ አያምርም» ብሎ ቤቱ የሚቀመጥ አልነበረም።

የዚያችው ሴት ልጅ ግን ትምህርት ቤት ስትገባ ምን ያገኛታል? አብራኝ የተማረች አንዲት ልጅ ነበረች፤ የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ድምፅዋ ወፍራምና ጭስ ጭስ የሚል ነበር። ለበዓል የመዝሙር ጓድ ሲዘጋጅ አስተማሪው ጆሮውን ዘንበል አድርጎ በሰልፉ መካከል አለፈና ከፊቷ ሲደርስ ቆሞ፣ «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አላት። እርስዋም ታዛዥ ልጅ ስለ ነበረች ዓመቱን ሙሉ አፍዋን ብቻ አንቀሳቀሰች። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ለልጆችዋ እሹሩሩ ስትል ጎረቤት ሥራውን ትቶ ያደምጣል ይላሉ። ጎረቤቱ ያወቀውን አስተማሪው ለምን አላወቀም?

መልሱ በከፊል የተፈጥሮ ትምህርት ነው፤ ከሳይንስ ፋኩልቲ የመጣችሁ ጓደኞቼ ብሳሳት ታርሙኛላችሁ። በጉሮሮአችን ውስጥ ሁለት ትንንሽ የሥጋ እጥፋቶች አሉ። ከሳንባ የሚወጣው አየር ሲያልፍባቸው ይርገበገባሉ፤ ጐልማሳ ወንድ ሲናገር በሴኮንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ያህል፣ ሴት ስትናገር 200 ጊዜ ያህል። የዚህ ቁጥር መብዛትና ማነስ ድምፁን ያቀጥነዋል ወይም ያወፍረዋል። የድምፁ መልክ ግን፣ ማለት አንዱን ሰው ከሌላው በስልክ የምንለይበት ነገር፣ ከዚያ በላይ ባለው በጉሮሮው ቱቦ፣ በአፍና በአፍንጫ ቅርጽ የሚወሰን ነው። እንግዲህ አስተማሪ መዝሙር ሲያስጀምር ብዙ ጊዜ የሚያስጀምረው ለራሱ ጉሮሮ በሚመቸው ከፍታ ነው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ልጅ እዚያ ለመድረስ ስትንጠራራ ትጮኻለች፣ ትስታለች፣ ትሰበራለች። ዜማውን አራት አምስት እርከን ዝቅ ቢያደርግላት ያቺው ልጅ ሌላ ሰው ትሆን ነበር። የወንድ ልጅ ነገርም ተመሳሳይ ነው። በጉርምስና ጊዜ ጉሮሮው ስለሚያድግ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ያህል ይወርዳል፤ በዚያ ወራት የሚመጣውን መሰባበር አይቶ «ይህ ልጅ ድምፅ የለውም» ብሎ መፍረድ ጥርሱ የወለቀውን ሕፃን «ይህ ልጅ ጥርስ አያበቅልም» እንደ ማለት ነው።

ይህ ከሆነ በአገራችን የታወቁት ድምፆች እንዴት ሊታወቁ ቻሉ? ሦስት ሰዎች ላንሣ።

ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ በወሊሶ ከአያቱ ዘንድ አደገ። አያቱ ልጁ በቀለም ትምህርቱ እንዲገፋ ይሹ ነበር፤ የዘመኑን ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሚስተር ሸዳድ የሚባሉ ሱዳናዊ ዲሬክተር ነበሩ። የልጁን ዝንባሌ አይተው ያበረታቱት፣ አዲስ አበባ ሄዶ እንዲሞክርም የመከሩት እርሳቸው ናቸው። ኋላም እነ ኢዮኤል ዮሐንስና ንጋቷ ከልካይ ከሀገር ፍቅር ማኅበር ጋር መጥተው በትምህርት ቤቱ ሲጫወቱ ምክሩ በልጁ ልብ ጸና። ሳያስፈቅድ በእግሩ ተነሣ፤ ቱሉ ቦሎ ሲደርስ ዘመድ አግኝቶ መለሰው። አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ እንደ ገና፣ አሁን ደግሞ በጭነት መኪና ተሸሽጎ ሄደ። በሀገር ፍቅር ተቀጠረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር ያለቀሰለት ይህ በጭነት መኪና የተሸሸገ ልጅ ነው።

ዛሬ የጥላሁን ድምፅ የመልካም ድምፅ ሚዛን ስለ ሆነብን እንግዳነቱ ጠፍቶናል። ቃሉን በጉሮሮው ይዞ እስኪያለቅስ ድረስ ሲያንቀጠቅጠው፣ ሲያላላው፣ ደግሞ በድንገት ሲለቀው፣ ከእርሱ በፊት በዘመናዊ ኦርኬስትራ ፊት እንደዚህ ያደረገ ማን ነበር? በአማርኛም በኦሮምኛም ሲዘፍን ያው ነው። የዛሬው ሚዛን የትናንት እንግዳ ነበረ።

ሁለተኛው ማሕሙድ አሕመድ ነው። በአዲስ አበባ ከጉራጌ ቤተ ሰብ ተወልዶ በልጅነቱ ጫማ እየጠረገ ያደገ፣ በኋላም አሪዞና በሚባለው የምሽት ክበብ የተገኘውን ሥራ ሁሉ የሚሠራ ወጣት ነበር። ወደዚያ ክበብ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ ይመጡ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ገደማ አንድ ማታ ዘፋኙ ሳይመጣ ቀረ። ማሕሙድ ጥቂት ዘፈን ልሞክር ብሎ ጠየቀ፤ ፈቀዱለት። ከዚያ በኋላ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ከክቡር ዘበኛ ጋር ቆየ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልጠይቅ። ያን ማታ ዘፋኙ ቢመጣስ ኖሮ? ነገሩ የዕድል ነው ብለን ማለፍ እንችላለን። ነገር ግን ዕድሉ ሊሠራ የቻለው ማሕሙድ ማታ ማታ እዚያው ስለ ነበረ፣ ዘፈኖቹንም ሲሰማ ስለ ኖረ፣ ሙዚቀኞቹም የአስተናጋጁን ልጅ «ሂድ ወደ ሥራህ» ስላላሉት ነው። እነዚህ ሦስቱ ዕድል አይባሉም።

የማሕሙድን ድምፅ የማያውቅ እዚህ የለም። ይርገበገባል፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን ሳይታሰብ ይዘልላል፣ ቃሉ ሲያልቅ እርሱ አያልቅም። በ1967 ዓ.ም. ገደማ ከአይቤክስ ጓድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን በካይፋ ሸክላ ቤት ቀዳ። ይህ ሥራ ከአሥር ዓመት በኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ጆሮ ገብቶ በ1978 ዓ.ም. በቤልጂክ አገር ታተመ፤ በኋላ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ዕትም የዚያ ዘመን ሙዚቃችን ለዓለም የተገለጠው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ሱዳናዊ ዲሬክተር፣ ፈረንሳዊ አድማጭ፤ ምናልባት ጆሮአቸው በኛ ልማድ ስላልተቀረጸ እኛ የለመድነውን እንደ አዲስ ሰምተውት ይሆናል። ይህን ስል ጆሮም እንደ ጨርቅ ከውጭ ይግባልን ማለቴ አይደለም። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ማሕሙድን ለማወቅ ፓስፖርት አላስፈለጋቸውም።

ሦስተኛው ለኛ ለአርሲዎቹ ቀረብ ይላል። ዓሊ መሐመድ ሙሳ በድሬዳዋ ተወልዶ ገና በአሥራ ሦስት ዓመቱ ገደማ አፍረን ቀሎ ከተባለው ጓድ ገባ። በኦሮምኛ ለሚዘፍን ወጣት መድረኩ እጅግ ጠባብ በነበረበት በዚያ ዘመን ይህ ጓድ በሠርግ ቤት እየተጫወተ፣ ከሕዝቡ በሚገኘው እየተደገፈ የቆመ ነበር። ልጁ በመጀመሪያ ከዘፈናቸው ዜማዎች አንዱ «ቢራ» በሚል ቃል የሚጀምር ስለ ነበር ሕዝቡ ዓሊ ቢራ አለው፤ እስከ ዕለተ ሞቱም፣ እስከ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ በዚሁ ስም ተጠራ። ይህ ስም የተሰጠው በዳኞች ጉባኤ አይደለም። የሠርግ አድማጭ ነው የሰጠው። ጎረቤት የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ ቀደም ብዬ የተናገርኩት ይህን በማሰብ ነው።

በሦስቱም ዘንድ የምናየው፣ መጀመሪያ የሚዘፈንበት ደጅ አለ፤ የትምህርት ቤት መድረክ፣ የምሽት ክበብ፣ የሠርግ ዳስ። ቀጥሎ ደጁ ላይ ቆሞ «እስቲ ግባ» የሚል አንድ ሰው አለ። ከዚያም በስተ ኋላ የሚያጅብ ጓድ አለ፤ ጓዱም ዘፋኙን ሰምቶ ራሱን ያስተካክልለታል። አርሲ የመጀመሪያው ሞልቶ ተርፎአታል። የጎደለን ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው።

አሁን ወደ ማደጉ ልለፍ። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። አንዱ የማቃናት ስሕተት ነው፤ የታጠፈውን ክንድ ለመዘርጋት መታገል። ሁለተኛው የማምለክ ስሕተት ነው፤ «ተፈጥሮ የሰጠችውን አትንኩት» ብሎ ልጁን ያለ ሥራ መተው። ሁለቱም ድምፅ ይገድላሉ። ከሁለቱም ያመለጠው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ቤት ነው። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ ዓራራይ ተብሎ በሦስት ስልት ተከፍሏል፤ ደረቅና ጠንካራ የሆነው አለ፣ የሚያራራውና የሚቀጥነው አለ። ተማሪው ሁሉንም ሌሊት ከቀን ይለፋበታል፤ ማንም አይምረውም። ነገር ግን ማኅሌት ላይ ሲቆም አንዱ በግዕዙ፣ ሌላው በዓራራዩ ይታወቃል። መርጌታው ያንን ያውቃል፤ ማን ምን እንዲመራም ያደርጋል። ሥልጠናው አንድ ነው፤ ቦታው ግን እንደ ጉሮሮው ነው።

በዘፈን ዓለም ትልቁ ፈተና መምሰል ነው። ጥላሁን ከተነሣ በኋላ ስንት ወጣት ጥላሁንን ለመምሰል ጉሮሮውን አደከመ! መምሰል በራሱ ነውር አይደለም፤ ሁላችንም መናገር የተማርነው እናታችንን መስለን ነው። ዓለማየሁ እሸቴ ሲጀምር የአሜሪካ ዘፋኞችን ይከተል ነበር፤ ፀጉሩም ጭምር። ከዚያ መንገድ አልፎ የራሱን ኃይለኛ፣ ጠርጠር ያለ ድምፅ አገኘ። ያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም ሥልጣን የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት በ1961 ዓ.ም. ገደማ ደፍሮ የራሱን ሸክላ ቤት ሲያቋቁም የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ ነበር፤ የታተመውም ሕንድ አገር ነው። እንግዲህ ይህንንም ጨምሩበት። ድምፅ ራሱን እስኪያገኝ ድረስ ጊዜና መሣሪያ ይፈልጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ሕግ የሚደፍር ነጋዴ።

መሣሪያ ስል ከሁሉ በፊት ማይክሮፎን ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ድምፅ በኤሌክትሪክ መቀዳት ሲጀምር በአሜሪካ ቢንግ ክሮስቢን የመሰሉ ሰዎች አዳራሹን ለመሙላት መጮኽ ቀርቶላቸው በጆሮ እንደሚያንሾካሹክ ሰው ለመዝፈን ቻሉ። የሉዊ አርምስትሮንግ ጎርናና ድምፅም የሻካራ ጉሮሮ ክብር ሆነ። በኛም ዘንድ አስናቀች ወርቁን አስቡ። ድምፅዋ ትልቅ አልነበረም፤ ከንግግር ብዙ የማይርቅ፣ ከክራሯ ጋር የሚያወራ ድምፅ ነው። እርሷን ከትልቅ ኦርኬስትራ ፊት አቁሞ «ጩኺ» ማለት በደል ይሆን ነበር። ስለዚህ ለአንድ ድምፅ የሚሠራለት ሰው የሚጠይቀው «ምን ጎደለው?» ብቻ አይደለም፤ በምን ርቀት፣ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው ቅኝት ይሰማ ብሎም ይጠይቃል። በትዝታ የጠፋ ልጅ በአምባሰል ሲገኝ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል።

«እንግዲያስ ያልተለመደ ድምፅ ሁሉ መልካም ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ከኋላ ወንበሮች ሲንሾካሾክ ይሰማኛል። አይደለም። አንዳንዱ ድምፅ የሻከረው ስለ ታመመ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በላይ የዘለቀ መጎርነን ሐኪም ዘንድ እንጂ መድረክ ላይ አይወሰድም። አንዳንዱም ዜማ መያዝ ስላልቻለ ብቻ «የተለየ ነኝ» ይላል። እኔ የምለይበት አንድ ዘዴ አለኝ፤ እናንተም ሞክሩት። ያን እንግዳ የሆነውን ነገር ደግመህ አድርገው በሉት። ድምፁ በተሰበረበት ቦታ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በፈለገው ጊዜ መስበር ከቻለ ያ ሀብት ነው፤ ይሠራበት። አንድ ጊዜ ሆኖለት ሁለተኛ ካቃተው ገና ጥሬ ነው፤ ይለማመድ። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት ጊዜ ሌላ ቦታ ከተሰበረ ግን መጀመሪያ ዜማውን ያጥና።

ራስንም መስማት ያስፈልጋል። የገዛ ድምፃችንን በቀረጻ ስንሰማ ሁላችንም እንደነግጣለን፤ ስንናገር የምንሰማው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት ጭምር ስለ ሆነ ድምፃችን ወፈር ብሎ ይሰማናል። ሌላው ሰው የሚሰማው ያንን አጥንት የሌለበትን ነው። ጥላሁንና ማሕሙድ ራሳቸውን ለመስማት ስቱዲዮ ወይም ሬዲዮ ጣቢያ ያስፈልጋቸው ነበር። ዛሬ በያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ያንን ይሠራል። የሚያሳዝነው ሌላውን ቀርጸን ለመሳቅ እንጂ ራሳችንን ቀርጸን ለመታረም አንጠቀምበትም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። በያመቱ በዚህ አዳራሽ የሚደረገውን የድምፅ ፈተና ሁላችሁም አይታችኋል። ተማሪው ወደ መድረክ ይወጣል፤ ዓይኑ ይታያል፣ ልብሱ ይታያል፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ሳይጨርስ ከኋላ ሳቅ ይነሣል፤ ዳኞቹ ፈገግ ብለው «ቀጥል» ይላሉ፤ «ቀጥል» ማለታቸውም «የሚቀጥለው ይምጣ» ማለት ነው። በዚህ ፈተና ማሕሙድ አሕመድ ቢወጣ ሁለተኛውን ስንኝ እንዲደርስ የሚፈቀድለት አይመስለኝም። እዚህ ግቢ ከዴራ፣ ከሳጉሬ፣ ከኮፈሌ፣ ከበቆጂ የመጡ ልጆች አሉ፤ አንዳንዶቹ ማታ ማታ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ የከብት ዘፈን ሲያወርዱ በመስኮት ሰምቻለሁ። ፈተናው ቀን ግን አንዳቸውም አይመጡም። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «የኛ ዘፈን ለመድረክ አይሆንም» አሉኝ። ይህን ያስተማራቸው ማነው?

ስለዚህ ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ አንድ አሳብ አቅርቤ በመርሕ ደረጃ ተቀብሎኛል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ማታ የመስማት ምሽት ይደረጋል። ዘፋኙ ከመጋረጃ በስተ ኋላ ይቆማል፤ በውጭ አገር ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኛ ሲቀጥሩ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ለበሰ ሳይታይ ድምፁ ብቻ እንዲሰማ። በፈለገው ቋንቋ፣ የፈለገውን ይዘፍናል፤ የከብትም ይሁን የሠርግ፣ መንዙማም ይሁን መዝሙር። አንድ ጊዜ እርሱ በመረጠው ከፍታ፣ ሁለተኛ ጊዜ ዝቅ ወይም ከፍ ተደርጎለት ይሰማል። በስልክ ይቀረጽና ቀረጻው ለራሱ ይሰጠዋል። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ደግሞ ይመጣል። ሦስት ጊዜ ሳይሰማ ማንም «ድምፅ የለህም» አይባልም። መሣቅ የፈለገ ከአዳራሹ ውጭ ሰፊ ሜዳ አለ።

ክራር ያለው አንድ ጓደኛችን ለማጀብ ቃል ገብቷል፤ ሁለት ክር ስለ ተበጠሰበት ያለው ይርዳው። ከመምህራን መካከል ለመስማት ፈቃደኛ የሆኑትን ስማቸውን ለጸሐፊው እንዲሰጡ በትሕትና እለምናለሁ፤ የሙዚቃ ዕውቀት አያስፈልግም፣ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ መስማት መቻል ይበቃል። ለመጋረጃው ሁለት አንሶላ ተፈልጎ አንዱ ከሴቶች መኝታ ቤት ተገኝቷል። ከወንዶቹ በኩል የሚመጣው እንዲታጠብ አደራ።